አንገቴን ሳልሸፍን

በ2011 ዓ.ም. ነው፤ በኅዳር፣ መኸሩ ገና ከአውድማ ሳይነሳ። ጌታ ያን ጊዜ ያደረገልኝን ልመሰክር ነው የቆምሁት። ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ አንገቴን እያያችሁ እንደሆነ አውቃለሁ። እንቅርቱ እንዳለ ነው፤ አልጠፋም። «ሲጠፋልሽ ትመሰክሪያለሽ» እያላችሁ ስንት ጊዜ እንዳስቀመጣችሁኝ እናንተም ታውቃላችሁ። መጠበቅ ሰለቸኝ። ዛሬ እንዳለ ይዤው መጥቻለሁ። ጌታ ይባረክ።

ያደግሁት አምባሰል ዳገት ላይ ነው። እንቅርቱ የወጣብኝ በልጅነቴ ነው። ተድሬ እዚህ ሐይቅ ከተማ ስመጣ ባለቤቴ ምንም አላለኝም፤ ደግ ሰው ነበር። የተናገረችው ታላቅ እህቱ ናት፣ እትዬ አስካለ። ገና ሳልላመድ የአንገት ልብስ ገዝታ መጣች።

«ይሄን ጠምጥሚ። ሰው እህል ይበላበታል እዚህ ቤት» አለችኝ።

ጠመጠምሁ። ከሐይቁ ዳር ሽንኩርት ስንኮተኩት ፀሐዩ አናት እየበሳ እንደ ጠመጠምሁ ነበርሁ። የቅሬያችን፣ የዕድራችን ማለቴ ነው፣ ሴቶች ለቅሶ ሲደርሱ ተሰብስበው ይቀመጣሉ፤ እኔ በር ሥር።

ባለቤቴ አንዲት ሴት ልጃችንን ትቶልኝ ከሞተ በኋላ ጎረቤቴ እማማ ዘነቡ እዚህ ጸሎት ቤት ይዘውኝ መጡ። ጌታን ተቀበልሁ። ከዚያ ወዲያ ቀለለኝ እንድላችሁ ትጠብቃላችሁ። ባሰብኝ። ትሕትና የሚባለው ራስን መጥላት መሰለኝ። አስካለ ስትሰድበኝ «ይበለኝ፣ ጌታ እያዋረደኝ ነው» እላለሁ። ስጸልይም ራሴን ስራገም እቆያለሁ። እማማ ዘነቡ ከጎኔ ተንበርክከው ይሰሙኝ ኖሯል። አንድ ቀን ስንወጣ ክንዴን ያዙኝ።

«ጌታ ጎረቤትሽን እንደ ራስሽ እንድትወጂ አዞሻል አይደል?»

«አዎ፣ እማማ።»

«እኔ ጎረቤትሽ ነኝ። አደራሽን፣ እኔን እንደ ራስሽ አትውደጂኝ። ለራስሽ የምትዪውን ለእኔ ብትዪኝ ዘበኛ ነው የምጠራው» አሉኝ።

ሳቅሁ። ግን አልገባኝም ነበር።

ደሴ ሐኪም ዘንድም ሄጃለሁ። ሐኪሙ መረመረኝና «የሚያሰጋሽ ነገር አላየሁም። ከአዮዲን ማነስ የመጣ ነው፤ ደጋ ያደገ ብዙ ሰው አለበት። ልጅሽ አዮዲን ያለበትን ጨው ትብላ። ይሄ ጥምጥም ግን አንገትሽን አቁስሎታል፤ አውልቂው» አለኝ። ያን ሁሉ መንገድ የሄድሁት መድኃኒት ፍለጋ ነው፤ አውልቂው ብሎ ሰደደኝ። ተናድጄ ከበር ስወጣ መልሼ ጠመጠምሁት።

እንግዲህ በዚያ ኅዳር ልጄን ትዕግሥትን የሚጠይቁ ሽማግሌዎች ከውጫሌ ሊመጡ ሆነ። ልጁ አማኝ ነው፣ እሷም ወዳዋለች። አስካለ ማልዳ መጣች።

«አንቺ ጓዳ ሁኚ» አለችኝ። «ካዩሽ ዘር ነው ይላሉ፤ ልጅቱን ጥለዋት ይሄዳሉ። እናቷን አሟታል እላቸዋለሁ።»

ገባሁ። የልጄ ትዳር በእኔ አንገት ሲፈርስ ማየት አልችልም። ሽማግሌዎቹ መጡ፤ «እናቲቱስ?» ሲሉ ሰማሁ። «አሟታል» አለች አስካለ። እንደ አገራችን ልማድ «እንመካከርበት፣ በሳምንቱ ተመለሱ» ተባሉና ሄዱ።

እንደ ሄዱ ትዕግሥት መስታወት ፊት ቆማ ጉሮሮዋን በጣቷ ስትዳስስ አየኋት።

«ምን ትፈልጊያለሽ?» አልኋት።

«ከወጣብኝ እኔም ልጄን ስድር ጓዳ ነው የምገባው?»

«ሐኪሙ ዘር አይደለም ብሏል።»

«ታዲያ አንቺ ለምን ገባሽ፣ እማዬ?»

ተንበረከክሁ። እንደ ልማዴ ራሴን ልራገም ስል የእማማ ዘነቡ ዘበኛ ትዝ አለኝና አፌ ላይ ቀረ። «ጌታ ሆይ፣ አንተ የሞትህላትን ሴት ነው ይሄን ሁሉ ዘመን የምሰድባት። ሰለቸኝ። አንተም ሳይሰለችህ አልቀረም» አልሁት። ሌላ ቃል አልነበረኝም። ድምፅ አልሰማሁም፣ ራእይም አላየሁም። ልቤ ግን ዐረፈ። ክብር ለስሙ ይሁን።

ሽማግሌዎቹ በሳምንቱ ሲመለሱ አስካለ በዓይኗ ወደ ጓዳው ጠቀሰችኝ።

«አልገባም» አልሁ።

«ልጅሽን ልታስቀሪያት ነው?»

«እትዬ፣ በዚህ አንገት የሚተዋት ካለ አሁኑኑ ይተዋት።»

የአንገት ልብሱን ፈትቼ ምሰሶው ላይ ሰቀልሁትና ከፊት ተቀመጥሁ። ከሽማግሌዎቹ ታላቁ የልጁ አባት ጎረቤት ጋሽ ሰይድ ናቸው፣ ሙስሊም ሰው። አንገቴን አዩ፤ ቆይተውም አዩ።

«አሟታል የተባልሽው አንቺ ነሽ፣ እህቴ? በሽታው ይሄ ነው?»

«ይሄው ነው፣ ጋሽ ሰይድ።»

«ሱብሃነላህ። እኔ እኮ የምትሞቺ መስሎኝ ሳምንቱን ሙሉ ዱዓ ሳደርግልሽ ከረምሁ።» ወደ ጓደኞቻቸው ዞሩ። «የእናቴ ከዚህ ይበልጥ ነበር። አምባሰል ዳገት ላይ ይሄ የሌለበት ቤት የቱ ነው?» ከዚያ ድምፃቸውን ቀነስ አደረጉ። «እንግዲህ አንደባበቅ። የልጁም አያት አለባት። እናንተ እንዳታዩዋት ለሠርጉ ቀን ጎረቤት ቤት ልናስቀምጣት ተመካክረን ነበር።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። እነሱ ከእኛ፣ እኛ ከእነሱ ስንደባበቅ። ያቺን አሮጊት ደግሞ ለልጅ ልጇ ሠርግ ሰው ቤት ሊደብቋት። ንድድ አለኝ።

«ትምጣ» አልሁ። «ከእኔ ጎን ትቀመጣለች።»

ልጅቱን ሰጠን። በሠርጉም ቀን አያትየዋ ከጎኔ ተቀምጣ ሳህኗን ጠርጋ በላች። ጌታ ይመስገን።

አስካለ እስካሁን ይቅርታ አላለችኝም። አልጠብቅም። ስትታመም እጠይቃታለሁ፣ እወዳታለሁ፤ የገዛችልኝን ግን አልጠመጥምም።

እህቶቼ፣ ከመካከላችሁ ሰው የጠላባትን ነገር ሸፍና የምትኖር አለች። ጌታ ሲቀበልሽ ሸፍነሽው አልቀረብሽም። እሱ ያየውን አይቶ ነው የወደደሽ፤ ታመኚበት። ለእንቅርቴ መጸለይ የምትወዱም ጸልዩልኝ፣ አልከለክልም። ብቻ እጃችሁን አንገቴ ላይ ከመጫናችሁ በፊት እንደምን አደርሽ በሉኝ።

ሽማግሌዎቹ እሺ ተብለው በሄዱ በማግስቱ ጠዋት የአንገት ልብሱን ከምሰሶው አወረድሁት። ጠንካራ ነው፣ ለክፋቱ ጥሩ ጨርቅ ነው የገዛችው። የሽንኩርት ጆንያዬን አፍ አሰርሁበትና ተሸክሜ ወደ ገበያ ወጣሁ። ከሐይቁ በኩል የሚመጣው ብርድ አንገቴን ቆረጠመው። አልተመለስሁም።