ከገዛ ሥጋዬ ነው?

ነገሩ የሆነው ባለፈው ጥቅምት፣ ደጋን ከተማ አጠገብ ነው። የባዮሎጂ መምህርት ስለሆንኩ ልርሳው ብልም ሥራዬ አያስረሳኝም።

ኮምቦልቻ አብሮኝ የሚያስተምረው ሰይድ፣ ማር ስለሚቆረጥ እንሂድ ብሎ አባቱ ቤት ወሰደኝ። አባቱ ጋሽ ይመር ከልጅነታቸው ጀምሮ ንብ ሲያረቡ የኖሩ ሰው ናቸው። ጭስ ይዘው ወደ ቀፎው ሲጠጉ አንዲት ንብ አንገታቸው ላይ ነደፈቻቸው። መንደፊያዋን ነቅለው ጣሉና ሥራቸውን ቀጠሉ።

ብዙም ሳይቆይ መዳፋቸውን ያኩ ጀመር። ሳማ የለበለባቸው ይመስል ሰውነታቸው ሽፍ አለ። ፊታቸው አበጠ፣ ድምፃቸው ጎረነነ።

በባጃጅ ጤና ጣቢያ አደረስናቸው። ነርሷ ገና ስታያቸው ደነገጠች።

"አድሬናሊን የሚባለው መርፌ ነበር የሚያስፈልጋቸው። ካለቀብን ቆየ" አለች። ያላትን ሌላ መርፌ ወጋቻቸውና "ቶሎ ኮምቦልቻ አድርሷቸው" አለችን።

ሚኒባስ ውስጥ ጭንቅላታቸው የሰይድ ጭን ላይ ነበር። ወደ እኔ ዞሩ።

"ልጄ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ። እኔ ንብ ስትነድፈኝ ነው የኖርኩት። ዛሬ ምን አገኘኝ?"

ዝም ልላቸው አልቻልኩም። ከምንበላው ምግብ ሂስቲዲን የሚባል ነገር እንደምናገኝ፣ አንዳንድ የሰውነታችን ሴሎች ከእሱ ላይ ጥቂት ቀንሰው ሂስታሚን እንደሚሠሩ፣ ሠርተውም በጣም ትናንሽ በሆኑ ከረጢቶች ውስጥ እንደሚያስቀምጡት ነገርኳቸው።

"ሰውነትዎ የንቧን መርዝ እንደ ጠላት ቆጥሮታል። ያጠራቀመውን ባንድ ጊዜ ለቀቀው። የሚያሳብጥዎት እሱ ነው።"

"ከገዛ ሥጋዬ ነው?"

"አዎ፣ ጋሽ ይመር።"

ትንፋሻቸው ያፏጫል።

"እንግዲያ ንቧን አትርገማት" አሉት ሰይድን። "አልሐምዱሊላህ።"

ከዚያ በኋላ አልተናገሩም። የኮምቦልቻ ቤቶች መታየት ሲጀምሩ ሰይድ "አባዬ! አባዬ!" እያለ ይጣራ ጀመር። ሹፌሩ ይበልጥ አፍጥኖ ነዳው። በኋላ ሰይድ የአባቱን ዓይን በእጁ ከደነ፤ ሹፌሩም በመስታወቱ አየንና ፍጥነቱን ቀነሰ።

በቀደም ሻይ ልንጠጣ ተቀምጠን ሰይድ ድንገት "መርፌው ቢኖር አባዬ ይተርፍ ነበር?" አለኝ።

"ሳይተርፉ አይቀሩም ነበር" አልኩት።

ጤና ጣቢያው ዛሬም መርፌው የለውም። ሂስታሚን እንዴት እንደሚሠራ ለተማሪዎቼ በየዓመቱ አስረዳለሁ፤ ሰይድን የማጽናናበት አንድ ቃል ግን እስካሁን አላገኘሁም። የማገኝም አይመስለኝም።