ወረታ የቆመችው የአባቴ መኪና

ቅዳሜ ከማለዳው አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከባሕር ዳር መናኸሪያ ስነሣ ዓላማዬ አንድ ብቻ ነበር፤ ከሁለት ያገለገሉ መኪኖች አንዷን መርጬ መመለስ። መካኒክ ነኝ። ሃያ ስምንት ዓመት የሰው መኪና ስጠግን የራሴ ኖሮኝ አያውቅም። አሁን ግን ወረታ የምትኖረው እናቴ ጉልበቷን እያመማት በየሁለት ሳምንቱ ወንዛዬ ፍልውኃ መመላለስ አለባት፤ በባጃጅና በሚኒባስ ስትንገላታ ማየት አልቻልኩም። ቤተሰቡ ተሰብስቦ «አንድ ትንሽ መኪና ይገዛ» ሲል እኔ «ፈጣን መኪና ነው የምገዛው» ብዬ ድርቅ አልኩ። አሮጊት ፍልውኃ ለማድረስ ፈጣን መኪና ምን ያደርጋል ብላ ባለቤቴ እስካሁን ትስቅብኛለች።

የመጀመሪያዋ መኪና እዚያው ባሕር ዳር ናት፤ ግራጫ፣ የጃፓን ሥሪት፣ ባለ ቱርቦ። ሐሙስ ዕለት በቀዝቃዛ ሞተር አስነሥቼ አይቻታለሁ። ጭስ የለባትም፣ ቀለሟ አልተነካካም፣ ማርሿ ቅቤ ነው። ጤነኛ ሰው ቢሆን ያን ዕለት ቀብድ ይከፍል ነበር።

ሁለተኛዋ ወረታ ናት። ነጭ፣ የጀርመን ሥሪት፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር። ይህችን ለመግዛት ልቤ የተነሣው ገና ሳላያት ነው፤ ምክንያቱም አባቴ ይነዳት የነበረችው መኪና ናት።

አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ወረታ በነበረ አንድ የእርሻ ፕሮጀክት ቢሮ ሹፌር ነበር። መኪናዋን ያመጣት የውጭ አገር ባለሙያ ነው፤ እሱ ሲሄድ ለኃላፊው ቀረች። ከጎንደር እስከ ባሕር ዳር የሚቀድማት የለም ይባል ነበር። አባቴ ምሳ ሲመጣ ደጃችን ላይ ያቆማታል። እናቴ ቅዳሜ ቅዳሜ የወንበሮቿን ነጭ ልብስ ታጥባለች፤ እኔ አድርቄና አጣጥፌ እወስዳለሁ። አንድም ቀን ግን ተሳፍረንባት አናውቅም። «የመንግሥት ናት» ይላል አባቴ፤ ከዚያ በኋላ ንግግር የለም።

አንድ የክረምት ቀን እኔና እናቴ ከርብ ወንዝ ማዶ ከዘመድ ቤት በእግራችን ስንመለስ ዝናብ ያዘን። ነጯ መኪና ከአዲስ ዘመን በኩል መጣች። አባቴ አየን፤ ጥሩምባውን ነፋ፣ እጁን አነሣ፣ አለፈ። ከኋላ ማንም አልነበረም፤ ባዶ ነበረች። እናቴ እጇን አንሥታ ሸኘችው። እኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ እስከ ቤት ድረስ አላናገርኳትም። በአባቴም ላይ ያን ቀን የያዝኩትን ቂም ሲሞት እንኳ በሙሉ አልለቀቅሁትም። እናቴን እዚያች ወንበር ላይ ሳላስቀምጣት አልሞትም ያልኩት ያን ጊዜ ነው።

ሐሙሲት፣ አንድ ሰዓት ተኩል

መንገዱ ሰላም መሆኑን ዋዜማውን ለሹፌር ወዳጆቼ ደውዬ አረጋግጬ ነበር። አንድ ኬላ ላይ ወርደን ተፈተሽን እንጂ ሌላ ያጋጠመን ነገር የለም። ሐሙሲት ላይ ሹፌሩ ጎማ ሲያስነፋ ሻይ ጠጣሁ፤ አሥራ አምስት ብር ገብቷል። አጠገቤ የተቀመጡ ሴት ቲማቲም ወደ ጎንደር የሚያደርስ መኪና ይጠብቃሉ። ወዴት እንደምሄድ ጠየቁኝ።

«ወረታ፣ መኪና ለማየት።»

«ፎገራ ለላም ነው የሚኬድ፣ አንተ ለመኪና ትሄዳለህ?» ብለው ሳቁብኝ።

የጉማራን ወንዝ ስንሻገር ሜዳው ተዘረጋ። ኅዳር እያለቀ ስለሆነ ሩዙ ግማሹ ታጭዷል፤ ነዶው በየማሳው ተቆልሏል፣ ያልታጨደው ቢጫ ሆኖ ቆሟል። ልጅ ሳለሁ ይህ ሜዳ ዳር የሌለው ይመስለኝ ነበር። ዝንጉርጉሮቹ የፎገራ ላሞች ያኔ በመንጋ ነበር የሚታዩት፤ አሁን ሩዙ ቦታቸውን ወስዶባቸው እዚህም እዚያም ሁለት ሦስት ሆነው ይግጣሉ።

ወረታ፣ ሦስት ሰዓት

አጎቴ አያ ሞላ መናኸሪያው በር ላይ ኩታቸውን አጣፍተው ጠበቁኝ። የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የበሬ ደላላ ሆነው ኖረዋል። መኪና ነድተው አያውቁም፣ ሲገዛም አይተው አያውቁም፤ ግን «ሳልኖር ግዢ የለም» ብለው በስልክ አስጠንቅቀውኛል። ለእናቴ ምንም እንዳይነግሯት ተስማምተናል። ሩዝ በተቀላቀለበት እንጀራ ሽሮ ቀማምሰን ወጣን።

«ለመሆኑ ያቺው የአባትህ መኪና መሆኗን በምን አወቅህ?» አሉኝ በመንገድ።

ወረታ ያለ አንድ ወዳጄ በስልክ የላከልኝን ፎቶ አሳየኋቸው። የግራው የኋላ በር መክፈቻ ከውስጥ በኩል የብረት ነው። የድሮው ሲሰበር መለዋወጫ ስላልተገኘ አባቴ እዚሁ ወረታ አንጥረኛ ዘንድ አስቀጥቅጦ ያስገባው ነው። ሲቀጠቀጥ አጠገቡ ቆሜ አይቻለሁ።

ሻጩ አቶ ደሴ የሩዝ መፈልፈያ ወፍጮ ባለቤት ነው። ግቢው በወፍጮ ጩኸትና በሩዝ ገለፈት ብናኝ ተሞልቷል፤ ገለፈቱ ራሱ ከአጥሩ በላይ እንደ ኮረብታ ተከምሯል። ስንገባ መኪናዋ በር ላይ ቆማ ሞተሯ ይሠራል። ያንን ድምፅ ከሰማሁ አርባ ዓመት ሊሆነኝ ነው፤ ብዙ ሳልራመድ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

ሰው መኪና ሊገዛ ሲል እኔ ዘንድ ነው የሚመጣው። ሞተሩን ቀዝቃዛ ሳለ አስነሣ፣ ምንጣፉን ገልብጥ፣ ከሥሯ ተኝተህ እይ፣ ሻጩ ሲያወራህ አትስማ፤ ይህን ለስንቱ እንደነገርኩ አላስታውስም። ያን ቀን ለራሴ አንዱንም አልነገርኩም። በቀጥታ ወደ ግራው የኋላ በር ሄጄ ከፈትኩና ያቺን የብረት መክፈቻ ያዝኩ። ቀዝቃዛና ጎርባጣ ናት። አቶ ደሴ ስለ ጎማዎቹ ያወራል፤ «አዎ፣ አዎ» እላለሁ።

አያ ሞላ ግን መኪናዋን ቀስ ብለው ዞሯት። ከፊት ቆመው አዩአት፣ ከኋላ ቆመው አዩአት፣ ከዚያ መዳፋቸውን ኮፈኑ ላይ ጫኑ።

«ትኩስ ናት» አሉ።

«ሞተሯ እየሠራ ነው እኮ፣ አያ ሞላ» አልኩ።

«እሱንማ ሰማሁ። እኛ ሳንመጣ ማን ቀሰቀሳት? እግሩን የሚያመው በሬ ያለው ሰው ገበያ ሳይደርስ አፍታትቶ ነው የሚያመጣው።»

ያን ጊዜ ነው ያፈርኩት። አቶ ደሴ ሞተሩን አጠፋ። እሳቸው ወደ እሱ ዘወር ብለው ቀኝ እጁን ያዙ። በበሬ ገበያ ዋጋ ከመነገሩ በፊት ደላላው የሻጩን እጅ ይዞ በሰው ፊት የበሬውን ነውር፣ ጉድለቱን፣ ይጠይቃል። ካልተጠየቀ ሻጩ ዝም ቢል ማንም አይወቅሰውም፤ እጁ ተይዞ ከዋሸ ግን ከዚያ ወዲያ በዚያ አገር ከብት የሚገዛው የለም።

«ደሴ፣ ነውሯን ንገረኝ።»

አቶ ደሴ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሳቸውን አየ። «ይቺ መኪና እንጂ በሬ ናት እንዴ?» አለ እየሳቀ።

እጁን አልለቀቁትም። «ነውሯን።»

ሳቁ ጠፋ። «ውኃ ገብቶባታል» አለ። «ያለፈው ክረምት ርብ ሞልቶ ግቢው ድረስ ሲመጣ ከፍ ያለ ቦታ ፈለግሁና የገለፈቱ ክምር ላይ አወጣኋት። ከግቢው ከፍ ያለው እሱ ነበር። ገለፈቱ ከሥር ውኃ ጠጥቶ ሌሊቱን ሰጠመ። ሁለት ቀን እስከ ወንበሯ ውኃ ውስጥ ቆመች። በቀዝቃዛው እንቢ ትላለች፤ ተገፍታ ካልሆነ አትነሣም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «አልጠየቅኸኝም» አለ፤ እውነቱን ነው።

ያኔ ኮቴን አውልቄ ከሥሯ ገባሁ። ወለሉ በጣት ሲነካ ይፈረፈራል። ምንጣፉን ገለበጥኩ፤ ጥቁሩ የፎገራ ጭቃ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፣ የኤሌክትሪክ ገመዶቹ አረንጓዴ ሆነዋል። ፍሬኗ ለጊዜው ይይዛል። ለከተማ ዙሪያ ቀስ ብላ ትሄድ ይሆናል፤ የወንዛዬን ኮረኮንች ግን በሦስተኛው ጉዞ ትበታተናለች።

«ልገዛት ነው» አልኩ ስወጣ።

አያ ሞላ አቧራዬን ከጀርባዬ አራገፉልኝ። «ለማን?» አሉ።

«ለእማዬ ነዋ!»

«እንግዲያ እሷን ጠይቃት።»

አቶ ደሴ ቁልፉን ለአንድ ሰዓት ሰጠኝ። አፍሮ ስለነበር ቤንዚን እንኳ ራሱ ቀዳባት።

እስከ ርብ ድልድይ

እናቴ ደጅ ላይ ምስር ትለቅም ነበር። መኪናዋን ስታይ ሰፌዱን አስቀምጣ ተነሣች። ቀስ ብላ መጥታ በመስኮቱ ወደ ውስጥ አየች።

«ልብሷን ማን ገፈፋት?» አለች።

«እማዬ፣ ግቢ። ዛሬ የመንግሥት አይደለችም።»

የኋላውን በር ከፈትኩላት፤ አልፋኝ ሄዳ የፊቱን ከፈተች። ጫማዋን እርስ በርሱ አጋጭታ አራግፋ ገባች። አያ ሞላ ከኋላ ተቀመጡ። ወደ አዲስ ዘመን አቅጣጫ ወጣን። ሞተሯ ሲሞቅ ያ የጥንቱ ጉልበት መጣላት፤ አስፋልቱ ላይ ትንሽ ስረግጣት ወደፊት ተወረወረች። አባቴ የሚያውቀውን ነገር እኔም በእግሬ ሥር አገኘሁት፤ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ዘወር ብዬ ሳያት እናቴ በሁለት እጇ የበሩን እጀታ ጨምድዳ ይዛለች።

«ቀስ በል!» አለች።

ድልድዩ ጋ ስደርስ ዳር ይዤ ቆምኩ። ለአርባ ዓመት ያመላለስኩትን ጥያቄ እዚያ ጠየቅኋት። «እማዬ፣ ያን የዝናብ ቀን ትዝ ይልሻል? አባዬ አይቶን ያለፈ ቀን?»

«እንዴት አይለኝ!»

«አልከፋሽም?»

ትክ ብላ አየችኝ። «ለምን ይከፋኛል? ይቺ መኪና ፈጣን ናት፣ ፈጣን ናት ሲሉ እኔ እሱ በወጣ ቁጥር መንገድ መንገዱን ሳይ ነበር የምውል። ያን ዕለት ጎንደር ሄዶ ሦስት ቀን ቆይቶብኝ፣ በዚያ ዝናብ ከወዴት ተገለበጠ እያልኩ ነበር የምራመድ። ጥሩምባውን ሲነፋልኝ በሕይወት መጣልኝ ብዬ ነው እጄን ያነሣሁት። ዝናቡም አልተሰማኝ።»

ሌላም ጠየቅኋት።

«መሳፈሩን ፈልገሽ አታውቂም?»

«እኔ መኪናዋን ምን ላድርጋት? የምጠብቀው ሰውየውን ነበር» አለች። ዳሽቦርዱን አንዴ በመዳፏ አበሰች። «በል አሁን ለባለቤቶቿ መልስላቸው። ታስፈራለች።»

መልሼ ስመጣ በአርባ ነዳሁ፤ እናቴን ቤቷ አወረድኳት። ወፍጮው በር ላይ ሞተሩን ሳጠፋ፣ ከእንግዲህ እንደማላስነሣት እያወቅሁ ነው ያጠፋኋት። አቶ ደሴ «ምን ወሰናችሁ?» አለ፤ አያ ሞላ እጁን ጨብጠው አመሰገኑት። እውነቱን በመናገሩ ነው።

መልስ

ባሕር ዳር የገባሁት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ሚኒባሱ ጠባብ ስለነበር እናቴ የላከችውን ሩዝ ጭኔ ላይ ይዤ ነው የመጣሁት። ባለቤቴ በሩን እንደከፈተች «የቱን መረጥህ?» አለችኝ።

«ግራጫዋን። ሰኞ እከፍላለሁ።»

«ነጯስ?»

«አርጅታለች» አልኩና ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ደክሞታል ብላ ትታኝ ገባች።

ያገለገለ መኪና እንዴት እንደሚመረጥ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ እኔ፣ ከአንድ የበሬ ደላላ ተምሬ ተመለስኩ። እሱስ ይሁን። የከበደኝ ሌላው ነው። ለእናቴ ተቆርቁሬ መስሎኝ አባቴን አርባ ዓመት ተቀይሜዋለሁ፤ እሷ ግን አንድ ቀን እንኳ አልተቀየመችውም። በዚያ ዝናብ መሳፈር የፈለግሁት እኔ ነበርኩ። ደረጃው ላይ እንደተቀመጥኩ አባቴ ናፈቀኝ፤ ቂም ሳይቀላቀልበት ሲናፍቀኝ ያ የመጀመሪያዬ ነው።