በካንዴላው ጉድጓድ የቀረ ውሃ

ፈንታሁን አራጌ ሞተርን በጆሮው የሚመረምር ሰው ነበር። ደሴ ውስጥ በአንድ ሽማግሌ ጣሊያን ጋራዥ ሰባት ዓመት በቅባት ተጨማልቆ ሙያውን ተማረና ወደ መካነ ሰላም ሲመጣ፣ በከተማዋ ካንዴላን ከቡሎን ለይቶ የሚያውቅ ሌላ ሰው አልነበረም። ሰዉ ነው ያበላሸው። መኪና ያለውም የሌለውም «ፈንታሁን ካልሰማው አልተበላሸም» እያለ ሲያሞግሰው ከረመ፤ እሱም ከጊዜ ብዛት የማይሳሳት ፍጡር የሆነ መሰለው። ሙገሳ ማን ጠልቶ!

ወሎ በተራበ ጊዜ የእርዳታ ጣቢያው ሹፌርም መካኒክም አድርጎ ቀጠረው። አንዲት ፒካፕ ተሰጠችው። ዱቄት ወተትና ፋፋ ከመጋዘን ይጭንና በከላላ መንገድ መኪና መሄድ እስከሚችልበት ድረስ ይወስዳል፤ ከዚያ ወዲያ በቅሎዎች ተረክበው ሕፃናቱ ወዳሉበት መጠለያ ያደርሱታል። ቤንዚን የሚቀዳለት የበርሜሎቹ ጠባቂ ጀብሪል ነበር። ጀብሪል ቀጭን፣ ቀልደኛ፣ አምስት ወቅት ሰላቱን የማያጓድል፣ ከተናገረው ይልቅ የዋጠው የሚበልጥ ሰው ነው። ሁለቱ ጎረቤታሞች ናቸው። በዓል ሲመጣ ሥጋው ለየብቻ ይታረዳል እንጂ ጨዋታው አንድ ላይ ነበር፤ የፈንታሁን ሚስት ብርሀንነሽ ስትወልድም ገንፎውን ያገነፋችው የጀብሪል ሚስት አልታየች ናት።

በ1967 ዓ.ም. ሐምሌ ዝናቡ እንደ ጉድ ወረደ። ያን ሰሞን የጣቢያው ሌላ ሹፌር መኪናው ተንሸራታ ገደል ገባችበትና ሞተ። ከቀብሩ መልስ ብርሀንነሽ ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች «ጸበል ሳይነካት በዚያች መኪና አትሄድም!» ብላ ቁርጧን ተናገረች። በኪዳነ ምሕረት ዕለት መምሬ አባተ አንድ ገንቦ ጸበል አስይዘው ወደ ጣቢያው ግቢ መጡ።

ወጉ እንኳ ጎማውንና በሩን ረጨት ረጨት ማድረግ ነበር። መምሬም ይህንኑ አድርገው ሊሄዱ ሲሉ የፈንታሁን አዋቂነት ተነሳበት።

«መምሬ፣ በላይ በላዩ ምን ይሠራልናል? ልቧ ያለው እዚህ ነው!» አለና ኮፋኖውን በገዛ እጁ ከፈተላቸው። የኮፋኖው መደገፊያ ተሰብሮ ስለነበር ቀና አድርጎ የያዘው ጀብሪል ነው። መምሬ አባተ ደግሞ እጃቸው ሰፊ ነው፤ የቀረውን ገንቦ በሞተሩ ራስ ላይ ገለበጡት። ፈንታሁን «አሜን» አለ፤ ጀብሪልም ከዚያ ማዶ «አሚን» አለ።

የዚያች መኪና ካንዴላዎች፣ ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥሉት፣ እንደሌሎቹ ከላይ የሚታዩ አይደሉም። አራቱም በሞተሩ ራስ ላይ፣ ስንዝር በሚያህል ጉድጓድ ሥር ነው የሚቀመጡት። ጉድጓዱ ውስጥ የገባ ውሃ መውጫ የለውም። ይህን ከደሴ ወዲህ ከፈንታሁን የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም፤ ግን በዚያች ሰዓት መካኒክነቱን ከደጅ አቁሞት ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ጣቢያውን እንዲቆጣጠር ከደሴ የተላከው መቶ አለቃ ንጉሡ አብሮ ሊሄድ መጣ። ንጉሠ ነገሥቱ ወርደው «ንጉሡ» የሚባል አዛዥ መምጣቱ ሰዉን በጓዳ ያስቀው ነበር፤ ፊት ለፊቱ ግን የሚስቅ የለም። ባለፈው ሳምንት ሠራተኛውን ሰብስቦ «በክታብና በጸበል የሚመካ ሰው በአብዮቱ ውስጥ ቦታ የለውም» ብሎ፣ ክታብ አስሮ የተገኘ አንድ ዘበኛ እዚያው ከሥራ አባርሯል። በዚያ ዓመት ደሞዝ ማጣት ማለት ከተራበው ጋር መሰለፍ ማለት ነበር።

ፈንታሁን ሞተሩን አስነሳ። መኪናዋ አንድ እግሯን እንዳመማት በቅሎ ታነክስ ጀመር። ትንቀጠቀጣለች፣ ታስላለች፣ ቤንዚን ሲሰጧት ትታነቃለች። ወረደና ኮፋኖውን ከፈተ። ጨርቅ በእጁ ጠቅልሎ የካንዴላዎቹን ገመድ አንድ በአንድ ይነቅል ገባ። የመጀመሪያውን ሲነቅል ሞተሩ ይባሱን ደከመ፤ ስለዚህ እሱ ይሠራ ነበር ማለት ነው። ሁለተኛውን ሲነቅል ምንም ለውጥ የለም። ሦስተኛውን ሲነቅል ጨርሶ ሊጠፋ ደረሰ። በሽተኛው ሁለተኛው ነው። ሞተሩን አጥፍቶ ጣቱን በጉድጓዱ ውስጥ ቢሰድድ ረጥቦ ወጣ።

ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ገባው። ጆሮው ድረስ ጋለ።

«ጣትህን ምን አረጠበው?» አለ መቶ አለቃው ከኋላው።

ፈንታሁን ጣቱን በሱሪው ጠረገ። «ውሃ ቢጤ ነው ጌታዬ።»

«ውሃ ከየት መጣ?» መቶ አለቃው ግቢውን በዓይኑ ዞረና በርሜሎቹ ላይ ቆመ። «ቤንዚኑ ውስጥ ነው የተጨመረው?»

ጀብሪል ከበርሜሎቹ አጠገብ ቆሟል። ፈንታሁን አየው። ከዚያ መሬቱን አየ።

«ይሆናል» አለ።

ይሄው ነው። አልመሰከረም፣ አልማለም፣ ስም አልጠራም፤ «ይሆናል» ብቻ አለ። የአፍ ወለምታ ግን በቅቤ አይታሽም። መቶ አለቃው «አሻጥር!» ብሎ ጮኸ፤ ሁለት ወታደሮች ጀብሪልን በየክንዱ ይዘው ወደ ፖሊስ ጣቢያ ወሰዱት። ጀብሪል ሲያልፍ ፈንታሁንን አንድ ጊዜ ቀና ብሎ አየውና ምንም ሳይናገር ሄደ።

ፈንታሁን ብቻውን ሲቀር ጥጥ በሽቦ ላይ ጠምጥሞ ከየጉድጓዱ ውሃውን መጠጠ፤ በብስክሌት መንፊያ ነፋው፤ ካንዴላዎቹን ፈትቶ እሳት ዳር አደረቃቸው። ሞተሩ በዚያው በተወነጀለው ቤንዚን እንደ ንብ አዜመ። ይህ እንዳይታወቅበት ያን ሁሉ ቤንዚን ከታንከሩ ቀድቶ መሬት ላይ ደፋው። የደፋው ውሃ የሌለበት፣ ጥሩ ቤንዚን ነበር፤ በተራበ አገር። በቅሎዎቹ እስከ ከሰዓት ጠብቀው ባዷቸውን ተመልሰዋል። ያን ዕለት ወተቱ ሕፃናቱ ዘንድ አልደረሰም።

ሦስት ቀን እንዲህ አለፈ። አልታየች ጠዋት ጠዋት ለባሏ ቁርስ ይዛ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ስትሄድ በፈንታሁን ደጅ ነበር የምታልፈው። እሱም ኮቴዋን ሲሰማ ወደ ጓዳ ይገባል። በሦስተኛው ቀን ግን በሩ ላይ ያዘችው።

«ደህና አደርክ ወንድም-ዓለም? ዓርብ ወደ ደሴ እንወስደዋለን አሉኝ። አሻጥር ተብሎ ደሴ የሄደ ተመልሶ አላየሁም። የሞተሩን ነገር የምታውቀው አንተ ነህ፤ አንዲት ቃል ብትናገርልን።»

ደግሞ እኮ ለመነችው! ብትሰድበው በቀለለው። «እሺ እኅቴ፣ እሞክራለሁ» አለ፤ ድምፁ የራሱ አልመስል አለው። ወደ ቤት ሲገባ ብርሀንነሽ ቆማ ትሰማ ኖሯል።

«ጸበሉን ያስመጣሁት እኔ ነኝ። በእኔ አመካኝና ተናገር» አለችው።

እግዜር ያሳያችሁ፣ ለአንድ አፍታ በዚህም ደስ ብሎት ነበር። ኋላ በዚያ ደስታው ከሁሉ አብልጦ አፈረበት፤ ኮፋኖውን የከፈተው እሷ አይደለችም። ሐሙስ ረፋድ ላይ ወደ መቶ አለቃው ቢሮ ሄደና በሩ ላይ ቆመ።

«ጌታዬ፣ ተሳስቻለሁ። ቤንዚኑ ምንም የለበትም። ካንዴላዎቹ ያሉበት ጉድጓድ ውስጥ ነው ውሃ የገባው። ዝናብ ነው።»

«ዝናብ?» መቶ አለቃው ብዕሩን አስቀመጠ። «አገር ያወራልህ መካኒክ ዝናብና አሻጥር አትለይም? ውጣ ከፊቴ!» ጸሐፊዎቹ ሁሉ ሰሙ። ፈንታሁን ስድቡን እንደ ምሕረት ተቀበለው። ከዚያ በላይ አልተጠየቀም፤ ጸበል የሚባለውን ቃልም አላወጣም። ሰውየውን ለማስፈታት ግማሽ እውነት በቅቶታል፤ ግማሹን ለራሱ አስቀረ።

ከሰዓት በኋላ ጀብሪል ሲፈታ ፈንታሁን በር ላይ ጠበቀው። ከንፈሩ ላይ የደረቀ ደም ነበር። ጎን ለጎን ብዙ ሄዱ።

«ጀብሪል» አለ ፈንታሁን በመጨረሻ፣ «ያን ዕለት ኮፋኖውን የያዝከው አንተ ነበርክ። ውሃው ከየት እንደመጣ ታውቃለህ። ለምን አልተናገርክም?»

«የጠየቁኝ ስለ ቤንዚን ነው» አለ ጀብሪል። «ስለ ጸበሉ ማንም አልጠየቀኝም። ብናገር አንተን ያባርሩህ ነበር፣ መምሬንም ያዋርዱ ነበር። አላህ ያውቀዋል ብዬ ዝም አልኩ። አብሽር፣ አለፈ።»

ፈንታሁን ይቅርታ አልጠየቀም። እስከ ጀብሪል ቤት ድረስ ሸኘው፣ አልታየች ልትስመው ስትመጣም አንገቱን ደፍቶ ተሳመ።

በማግስቱ መኪናዋን ቤንዚን ሊያስሞላ ሲሄድ ጀብሪል እንደ ወትሮው ሰላም አለው፤ ስለ ዝናቡ ቀለደ። ግን ታንከሩን ከመክፈቱ በፊት ከበርሜሉ አንድ ጠርሙስ ቀዳና ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ ያዘለት፤ ሳይናገርም ጠበቀ። ፈንታሁን የሚፈለገውን ሲረዳ ላብ አጠመቀው። «ንጹህ ነው» አለ። ያኔ ጀብሪል ቀዳለት። በሚቀጥለው ሳምንትም እንዲሁ ሆነ፣ በወሩም፣ በዓመቱም።

መቶ አለቃው ተዛውሮ ሄደ፣ ሌላ መጣ፣ ረሃቡም ለጊዜው ራቀ። አንድ ቀን ፈንታሁን አላስችለው አለ።

«ይኼን ነገር ተወው በናትህ፤ ገደልከኝ እኮ።»

ጀብሪል ጠርሙሱን አላወረደም፤ ፊቱ ላይ ቂም አልነበረም። «ወላሂ አንተን ለማሳፈር አይደለም። ያን ዕለት ‹ይሆናል› ማለትህን ስትሰማ አልታየች ናት በልጆቿ ያስማለችኝ። ‹ፈንታሁን በገዛ አፉ ንጹህ ነው ሳይል አንዲት ጠብታ እንዳትቀዳለት› ብላ።»

ሚስቱን ያረሰች፣ ገንፎ ያገነፋች ሴት ናት እንዲህ ያለችው። ጀብሪል ጠርሙሱን እንደያዘ ይጠብቃል። ፈንታሁን ቀና ብሎ ጠርሙሱን አየ።

«ንጹህ ነው» አለ።