የፍሪጁ ቱቦና የመጀመሪያው መለኪያ

የአሮጌ ፍሪጅ ቱቦ ስቆርጥ የሚወጣው የዘይት ሽታ ከጋለ ስታኞ ጭስ ጋር ሲቀላቀል፣ ዛሬም በዚህ ዕድሜዬ ከተቀመጥኩበት ያስነሳኛል። ስታኞ ማለት ቱቦን ከቱቦ የምንቀጥልበት፣ በትንሽ እሳት የሚቀልጥ ማጣበቂያ ነው። ፈረንሳይ ለጋሲዮን ውስጥ አርባ ዓመት ፍሪጅ ስጠግን ኖሬአለሁ፣ ስለ ራሴ መናገርም አላፍርም፤ እኔ ከፍቼው ያልተነሳ ፍሪጅ ካለ ድሮም ፍሪጅ አልነበረም። ኮሌጅ ገብተው የተማሩት ልጆች መለኪያ መሣሪያቸውን ታቅፈው ሲቸግራቸው ወደ እኔ ይመጣሉ፣ እኔም ጆሮዬን ሞተሩ ላይ አስጠግቼ ሕመሙን እነግራቸዋለሁ። ይህን ሙያ ማንም አላስተማረኝም። ያ ሽታ ሲመጣ ግን ኩራቴ ሁሉ ይከዳኛል፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሆኜ በአረቄ የተሞላ መለኪያ ለአባቴ አቀብላለሁ።

ያን ጊዜ ቤታችን ከየካ ሚካኤል በላይ፣ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው አቀበት ላይ ነበር። አባቴ ተሰማ በውጭ አገር ሰዎች ግቢ አትክልተኛ ነበር፣ እናቴ ደግሞ አረቄ እያወጣች ትሸጥ ነበር። ብቅልና ጌሾ ገብቶበት የሰነበተውን ድፍድፍ በሸክላ ማሰሮ ትጥድና፣ አፉን በጭቃና በእበት መርጋ፣ እንፋሎቱን በመቃ ወደ ሌላ እቃ ታሻግረው ነበር። ያ እቃ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ካልተቀመጠ እንፋሎቱ አረቄ ሆኖ አይወርድም፣ ውሃው ቶሎ ቶሎ ይሞቃል፣ በሞቀ ቁጥር ይለወጣል፣ የሚለወጠው ውሃ ደግሞ ከኮረብታው ምንጭ በእናቴ ጀርባ ይመጣ ነበር። ስለዚህ በሳምንት ከአንድ ቀን በላይ ማውጣት አትችልም ነበር። ቅዳሜ ማታ ጎንበስ እንዳለች ትቀር ነበር፣ እኔም ያቺን የጎበጠች ጀርባ እያየሁ አድግ ነበር።

በእኛ ቤት አረቄ ሳይቀመስ አይሸጥም ነበር። መጀመሪያ የወረደውን፣ ጉሮሮ የሚያቃጥለውን መለኪያ አባቴ በደንበኞች ፊት ጭልጥ ያደርገው ነበር፤ አባወራው የጠጣውን ማንም አይጠረጥርም። ከዚያች መለኪያ ሌላ ጠብታ አይነካም ነበር። በአጥር የምንዋሰናቸው እትዬ ጫልቱም አረቄ ያወጡ ነበር፣ እሳቸው ግን የመጀመሪያውን መለኪያ መሬት ላይ ያፈሱት ነበር። «ፊተኛው የምድር ነው፣ አባቴ እንዲህ ነው ያሳየኝ» ይሉ ነበር። እናቴና እሳቸው እሳት ይጫጫራሉ፣ ጌሾ ይበዳደራሉ፣ እኔም ርቦኝ ከትምህርት ቤት ስመለስ የየትኛዋን በር ቀድሜ እንደምገፋ አልመርጥም ነበር።

ግንቦት ላይ አባቴ የሚሠራበት ግቢ ሞተሩ የተቃጠለ ፍሪጅና የማይሠራ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ሊጥል ሲል፣ ለምኖ በጋሪ አስጭኖ አመጣቸው። እናቴ ፍሪጁን የእህል ማስቀመጫ ልታደርገው አስባ ነበር። እኔ ግን ዞሬ ጀርባውን አየሁት፣ ያን የተጠማዘዘ የመዳብ ቱቦ ሳይ የእናቴን ድካም የሚጨርሰው ነገር ምን እንደሆነ ገባኝ። በዚያ ዕድሜ ይህ የሚገባው ልጅ በሰፈራችን ሌላ አልነበረም።

ክረምቱን ሙሉ፣ ዶፉ ሲወርድ፣ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ፈታሁ፣ አጠፍኩ፣ ገጠምኩ። ቱቦውን ስነቅለው አራት ቦታ ተሰበረብኝ፣ እኔም ፋኖስና ማንቆርቆሪያ የሚጠግነውን ሰውዬ ከሩቅ እያየሁ በተማርኩት መንገድ፣ ከአሮጌ የመኪና ራዲያተር ላይ ያራገፍኩትን ስታኞ በጋለ ብረት አቅልጬ አራቱንም ቀጠልኩት። እንፋሎቱ በመቃው ፈንታ እንዲያልፍበት ቱቦውን በማጠቢያ ማሽኑ ገንዳ ውስጥ እንደ እባብ ጠቅልዬ አስቀመጥኩት፣ ጠዋት አንዴ የተሞላው ገንዳም ቀኑን ሙሉ ያቀዘቅዝ ነበር። በፍሪጁ በር ዙሪያ የነበረውን ጎማ ቆርጬ የማሰሮውን ክዳን አሸግኩበት፣ ጭቃና እበት ከቤታችን ቀረ። ዘይቱ እንዲለቅም ቱቦውን በአመድ ውሃና በሎሚ ደጋግሜ አጠብኩት፣ ጥንቁቅ ልጅ ነበርኩ።

መስከረም ሲጠባ ጎረቤት ተሰብስቦ እያየ ለመጀመሪያ ጊዜ አወጣንበት። አረቄው እንደ ምንጭ ውሃ ጠርቶ ሲንቆረቆር አንዱ ደንበኛ «ተሰማ፣ የሰው ልጅ ላም ያልባል፣ ያንተ ልጅ ብረት አለበ!» አለ፣ ሁሉም ሳቀ። እትዬ ጫልቱ ጠጋ ብለው ቱቦውን በጣታቸው ዳሰሱት፣ አሸተቱትም።

«ደምሴ፣ እንዲህ ያለ ጭንቅላት አይቼ አላውቅም» አሉኝ። «ግን ልጄ፣ ብረቱን አላወቅነውም። ፊተኛውን ለምድር ድፉለት።»

«ጠንካራውን ለምድር ሰጥቼ ለሰው ውሃውን ልሽጥለት?» አለች እናቴ እየሳቀች።

«የእርስዎ መቃ ስላረጀ ነው እትዬ፣ እሠራልዎታለሁ» አልኳቸው እኔ። አባቴ ከእጄ መለኪያውን ተቀብሎ ጨለጠው፣ ራሴንም ዳበሰኝ።

ከዚያ ወዲህ አረቄ በየቀኑ ይወጣ ነበር፣ አባቴም በየቀኑ የመጀመሪያውን ይጠጣ ነበር። የእናቴ ጀርባ ቀና አለ። ለጥምቀት፣ የካ ሚካኤል ወደ መንበሩ በሚመለስበት ዕለት፣ ከእንግዳው ብዛት ቤታችን መቆሚያ አልነበረውም፣ እኔን እያስጠሩ ያዩኝ ነበር። አባቴ ግን በዚያ ቀን ሆዱን ይዞ ጓሮ ተኝቶ ነበር። ፊቱ አመድ መሰለ። አንዳንድ ደንበኞችም ቁርጠት ያዘን ይሉ ነበር፣ እኛ በበሉት ሽሮ እናመካኝ ነበር። መጋቢት ላይ አትክልት የሚከረክምበት መቀስ ከእጁ ወደቀ፤ ሲያነሳው መልሶ ወደቀ። ቀኝ እጁ ከአንጓው ላይ እንደተሰበረ ቅርንጫፍ ተንጠለጠለ፣ ቀና አድርገው ቢሉት አልታዘዘው አለ። ከሥራው አሰናበቱት።

ሰዉ የሰው ዓይን ነው አለ። ሽማግሌዎች ተሰበሰቡና ማን እንዳደነቀን ጠየቁ፣ ከዚያም ወደ እኔ ዞረው «አንተ ልጅ፣ ጫልቱ ያንን ብረት ነክታዋለች?» አሉኝ። «አዎ፣ ዳስሰውታል፣ ብዙም አይተውታል» አልኩ። አሁን እውነቱን ልጻፍ። ያን ያልኩት ፈርቼ አይደለም፣ ደስ ብሎኝ ነው። ክፉ ዓይን በተራ ነገር ላይ አያርፍም፣ የእኔ ሥራ ዓይን የሚያርፍበት ሆነ ማለት ነው ብዬ ኮራሁ።

ከዚያ በኋላ እትዬ ጫልቱን እሳት የሚጭራቸው፣ አረቄ የሚገዛቸው ጠፋ። እናቴ የአጥሩን ቀዳዳ በእሾህ ደፈነችው። ሰኔ መግቢያ ላይ እቃቸውን በአህያ ጭነው ወደ ኮረብታው ጀርባ ሲሄዱ መንገድ ላይ አገኙኝ፣ እኔም ዓይናቸውን ላለማየት አቀረቀርኩ። «የእኔን ተወው» አሉኝ። «ለአባትህ ብለህ ፊተኛውን ድፋው።»

አልደፋሁትም። አባቴ ፀበል ገብቶ ሁለት ሱባዔ ሲቆይ የሆዱ ሕመም ተወው፣ ጣቶቹን ማንቀሳቀስ ጀመረ፣ እናቴም ጠላታችን ስለሄደች ነው ብላ እልል አለች። ወደ ቤት የተመለሰ ዕለት የምስጋና አረቄ አወጣን፣ የመጀመሪያውን መለኪያም እኔ ነኝ የሰጠሁት፤ መያዝ ስላቃተው በሁለት እጄ አፉ ላይ አድርጌለት ጠጣ። ነሐሴን አልጨረሰም። የቀበርነው በጭቃ ውስጥ ነው። እናቴም ቀማሽ የሌለው አረቄ አይሸጥም ብላ እሳቱን አጠፋች፣ ልብስ አጣቢ ሆና ጀርባዋ መልሶ ጎበጠ።

እውነቱን የሰማሁት ሠላሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው፣ አንድ ጡረተኛ መሐንዲስ የመጠጥ ውሃ ማቀዝቀዣ በስታኞ ስቀጥል ሲያዩኝ። «ይህማ እርሳስ የሚባል መርዛም ብረት አለበት፣ ለሚጠጣ ነገር አይሆንም» አሉኝ። «ሲያድር ከቱቦው ይለቅና ከመጀመሪያው ጋር ይወርዳል። ሆድ ይቆርጣል፣ ፊት ያገረጣል፣ እጅ ከአንጓው ይወድቃል።» አባቴን አጠገባቸው አስቀምጠው የሚያዩት መሰለኝ። ከእኔ በቀር ማንም አያውቅም ስል ኖሬ፣ ይህችን አንዲቱን ግን፣ ፊተኛው መደፋት እንዳለበት፣ እትዬ ጫልቱ ያውቋት ነበር። ከደንበኞቻችንም ለስንቱ ሞት እንዳቀበልኩ የሚነግረኝ የለም።

እናቴ ያኔ በሕይወት ነበረች። በዚያው ቀን ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ፣ «የአባትህን እጅ የወሰደች፣ እሷም እጅ አታግኝ» እያለች በእትዬ ጫልቱ ላይ የምታወርደውን የዘወትር እርግማኗን ሰማሁ፣ ሻይዬን ጠጥቼ ወጣሁ። እየረገመች ሞተች። ከቀብሯ በኋላ እትዬ ጫልቱን ፍለጋ ኮረብታውን ወጥቼ ዞርኩ፣ ስማቸውን የሚያውቅ አላገኘሁም። አሁን በዚያ በኩል ፓርክ ተሠርቷል፣ ወጣቶች ፎቶ ይነሳሉ፣ እኔም አልፎ አልፎ አግዳሚ ወንበር ላይ እቀመጥና የሚያልፉትን አሮጊቶች አያለሁ። በሕይወት ቢኖሩ መቶ ዓመት ይጠጋቸዋል። እንደማላገኛቸው አውቃለሁ።

ያን ጊዜ ውሃ ከምንጭ በጀርባ ይመጣ ነበር፣ አንዲት መለኪያ አረቄ መሬት ላይ ማፍሰስም ትልቅ ብክነት ይመስለን ነበር። ዛሬ ቧንቧው የሱቄ ደጃፍ ላይ ነው። ጠዋት ስከፍተው የመጀመሪያውን ውሃ ወደ መሬት እለቅቀዋለሁ፣ የሱቁ ልጆችም «ጋሼ፣ ውሃው እኮ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ ለምን ያፈሱታል?» ይሉኛል። ሁሉን ነገር ሳልጠየቅ የማስረዳ ሰው ነኝ፣ ይህን ግን አስረድቻቸው አላውቅም። እጄን ውሃው ሥር አደርግና አንጓዬን ቀና አደርገዋለሁ፤ የእኔ እጅ አሁንም ቀጥ ብሎ ይቆማል።