የበረንዳው ምስክር

አናጢው አብርሃ ዝምተኛ ሰው ነው፤ በረንዳው ካልተነሣ በቀር። በረንዳው ከተነሣማ አለቀ! እሪ በከንቱ ሰፈር አፋፍ ላይ ወዳለው ባለ አንድ ፎቅ የእንጨት ቤት እንግዳውን በክንዱ ጎትቶ ይወስድና፣ «እስቲ ሚስማር ፈልግ! አንድ ሚስማር ካገኘህ ይኼን ጣቴን ቁረጠው» ይለዋል። እውነቱን ነው። መደገፊያው፣ ምሰሶው፣ ደረጃው ሁሉ እንጨት በእንጨት ተነክሶ የቆመ ነው። የሠራው አባቱ ገብረትንሣኤ ነው፤ ከአክሱም በእግሩ መጥቶ፣ ከአንድ ህንድ ግንበኛ ሥር ሆኖ። ሦስተኛው ደረጃ ሥር ጎንበስ ብሎ ላየ፣ በመሮ የተቀረጸች አንዲት ትንሽ መስቀል አለች። ፊደል ያልቆጠረው ገብረትንሣኤ ፊርማው እሷ ነበረች።

ቤቱን ያሠሩት አንድ ፊታውራሪ ናቸው። እሳቸው ሲሞቱ ወንድ ልጃቸው ወረሰ፤ በ1967 ዓ.ም. ወታደሮች መጥተው ልጅየውን ወሰዱት። ወሰዱት ነው፣ በቃ፣ ሌላ ወሬ የለውም። በሳምንቱ ደግሞ እህቱን ወይዘሮ አይናዲስን ፍለጋ ተመለሱ። የግቢው በር ሲደበደብ የአብርሃ ሚስት አክበረት ከጎረቤት በጓሮ አጥር ሾልካ ገባች። የወይዘሮዋን ቀሚስ አስወልቃ የራሷን ያደፈ ቀሚስ አለበሰቻቸው፤ ፊታቸውን ጥላሸት ቀብታ ድስት ፊት አስቀመጠቻቸው።

«ይቺ ማናት?» አለ አንዱ ወታደር።

«አሰፋች ናት፣ ሠራተኛቸው። እመቤቷማ ከሄደች ሰነበተች» አለች አክበረት።

እውነተኛዋ አሰፋች ከወር በፊት አገሯ ገብታለች። አብርሃ ራሱም ተጠራና እጁን አንሥቶ ይህንኑ ምሎ መሰከረ።

እንግዲህ ከዚያን ቀን ጀምሮ ወይዘሮ አይናዲስ አሰፋች ሆኑ። ቀበሌው ቤቱን ወርሶ ለአምስት ቤተሰብ ሲያከፋፍል ከደረጃው ሥር ያለችው ጠባብ ክፍል ለ«ሠራተኛዋ» ተመራች። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። አራዳ ምስጢር አያድርበትም ብሎ የሚያማ ካለ ይምጣና ይስማ! አሰሳ መጣ፣ ቀይ ሽብር መጣ፣ ወንድም በወንድሙ ላይ የተናገረበት ቀን መጣ፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድም ሰው ትንፍሽ አላለም። መንገድ ላይ «አንቺ አሰፋች» ይሏቸዋል፣ በር ሲዘጋ «እትዬ»። አብርሃ ለመጀመሪያ ጊዜ «አንቺ» ያላቸው ዕለት እራት አልበላም።

በ1978 ዓ.ም. ቀበሌው ቤቱን አፍርሶ በቦታው የመሰብሰቢያ አዳራሽ ሊሠራ አሰበ። በዚያው ሰሞን ደግሞ ዓለምጸሃይ የምትባል ወጣት የቅርስ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ፣ ሜትርና ካሜራ አንግታ ጥንታዊ ቤቶችን ልትመዘግብ ሰፈሩ ገባች። አብርሃ እግዜር የላካት መሰለው። ሦስት ቀን ሙሉ አብሯት ዋለ፤ ጣሪያ ላይ ወጣ፣ ወለል ሥር ተንፏቀቀ፣ መስቀሏን በባትሪ አሳያት። ልጅቱም ቤቱን ወደደችው።

«ጋሽ አብርሃ፣ አንደኛ ደረጃ ከገባ ማንም ደፍሮ አይነካውም» አለችው። «ግን መቼ እንደተሠራና ማን እንደሠራው የሚናገር የዓይን ምስክር ያስፈልገኛል። እርስዎ አይተዋል?»

«እኔማ ገና አልተወለድኩም ነበር።»

«እንግዲያው ሲሠራ ያየ ሰው ይፈልጉልኝ። አለዚያ ሦስተኛ ደረጃ ነው የሚገባው፤ ሦስተኛ ደረጃ ደግሞ ይፈርሳል።»

ሲሠራ ያየ ሰው! ከደረጃው ሥር ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ እኮ! አብርሃ ገብቶ በሩን ዘጋና ለወይዘሮ አይናዲስ ነገሩን አጫወታቸው። እሳቸውም ፈገግ አሉ። ቤቱ ሲሠራ፣ በ1916፣ ስድስት ዓመታቸው ነበር፤ ለገብረትንሣኤ ውኃ በጣሳ የሚያመላልሱለት እሳቸው ነበሩ። መስቀሏን ሲቀርጽም አጠገቡ ቆመው አይተዋል።

«ታዲያ ይኼንኑ ለልጅቱ ይንገሩልኝ፣ እትዬ።»

ፈገግታቸው ጠፋ። «ቤቱ ይፍረስ፣ አብርሃ። እኔን ግን አታፍርሱኝ።»

«ሲፈርስ የት ሊገቡ ነው?»

«ለአሰፋች ሌላ ክፍል ይሰጧታል። ለአይናዲስ ምን እንደሚሰጧት አንተም ታውቃለህ። በል ማልልኝ።»

«የገብረትንሣኤ አጥንት ይውጋኝ!» አለ አብርሃ። ሲምልም ከልቡ ነበር፤ ይኼን አልነሣውም።

በሳምንቱ የቀበሌው ጥበቃዎች ብርድ ሲመታቸው ከበረንዳው መደገፊያ እንጨቶች አራቱን ነቅለው እሳት አነደዱባቸው። አብርሃ ሲደርስ የአባቱ እጅ ሥራ ግማሹ ከስሏል። ቆሞ አየ። ከዚያ ቸርችል ጎዳናን ይዞ ቁልቁል ወረደ፤ ቴዎድሮስ አደባባይን ሲያልፍ መኪና ሊገጨው ምንም አልቀረው። መንገዱን ሙሉ ለራሱ ሲያስረዳ ነበር፤ ቤቱ ከተረፈ የእሳቸውም ክፍል ይተርፋል፣ ደግሞስ የእንጨት ቤት ፎርም ማን ያነበዋል፣ እያለ። ሰው ራሱን ማታለል ሲፈልግ ምክንያት መች ያጣል!

ዓለምጸሃይ ቢሮ ገብቶ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገራት። «ወይዘሮ አይናዲስ። የፊታውራሪው ልጅ። እዚያው ቤት፣ ከደረጃው ሥር ይኖራሉ። ልጄ፣ ይኼ ወረቀት ከዚህ አይወጣም አይደል?»

«ዋናው እዚሁ ፋይል ውስጥ ነው የሚቀመጠው» አለችና ታይፕ አደረገችው።

አልዋሸችውም፤ ዋናው እዚያው ተቀመጠ። ወይ አብርሃ! በዚህ አገር ግልባጭ የሌለው ደብዳቤ አይተህ ታውቃለህ? የስብሰባ ጥሪ እንኳ በሦስት ግልባጭ አይደል የሚመጣው? ከፎርሙ ግርጌ፣ እንደ ወጉ፣ «ግልባጭ፦ ቤቱ ለሚገኝበት ቀበሌ» ተብሎ ተጻፈ። ልጅቱ ክፋት አላሰበችም፤ የሠራችው የለመደችውን ነው።

በአሥራ አምስተኛው ቀን የቀበሌው ሊቀመንበር አስጠራው። አብርሃ ኮቱን አራግፎ፣ ደስ ብሎት ሄደ።

«ቤትህ አንደኛ ደረጃ ገብቶልሃል፣ እንኳን ደስ አለህ» አለው ሊቀመንበሩ። ከዚያ ጣቱን ወረቀቱ ላይ እያስኬደ አነበበ። «የዓይን ምስክር፣ ወይዘሮ አይናዲስ። ነዋሪነታቸው በዚሁ ቤት፣ ከደረጃው ሥር። ከደረጃው ሥር የምትኖረው አሰፋች አይደለችም እንዴ?»

«አርጅተዋል... ምንም አያውቁም...» አለ አብርሃ። «አርጅታለች» ማለት ነበረበት። አሥራ አንድ ዓመት የለመደው «አንቺ» ያን ሰዓት ከአፉ ጠፋ።

በዚያው ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወሰዷቸው። ወይዘሮ አይናዲስ ነጠላቸውን አጣፍተው ሲወጡ አብርሃ በረንዳው ሥር ቆሟል። አዩት፤ አልተሳደቡም፣ አልተራገሙም። «አባትህ ጎበዝ አናጢ ነበር» ብለውት አለፉ።

በሁለተኛው ወር «በሕመም ስለሞተች ሬሳዋን ውሰዱ» የሚል መልእክት መጣ። አብርሃን ማንም አልነካውም። እንዲያውም በእሑዱ ስብሰባ ላይ ሊቀመንበሩ ስሙን ጠርቶ፣ «ቀድሞ ተሳስቶ መስክሮ ነበር፤ ዛሬ ግን ስሕተቱን አርሞ የተደበቀች አድኃሪ አጋልጧል» ብሎ አስጨበጨበለት። ሰፈርተኛው እያየው አጨበጨበ። ከዚያ ወዲህ አብርሃ ሲመጣ ወሬ ይቋረጣል፤ እሱም ያውቀዋል። አክበረት ምሳውን አቅርባለት ወደ ጓዳ ትመለሳለች። አንድ ቀን ብቻ፣ «ያን ዕለት ቀሚሴን ያለበስኳቸው ለዚህ ነው?» አለችው። «ወይለይ! ወዮልኝ!» ብሎ ራሱን ያዘ።

ከግንቦት አጋማሽ በኋላ ዓለምጸሃይ እየሳቀች መጣች። «ቅርስ» የሚል የቆርቆሮ ሰሌዳ ይዛለች። ቀበሌው ሰሌዳውን የሚመታ ሰው ሲፈልግ ማንን ይጥራ? አብርሃን ነዋ። መሰላል አቁሞ፣ አንድ ሚስማር ባልነበረበት በአባቱ ምሰሶ ላይ አራት ሚስማር መታ።

«አሁን ደግሞ ፎቶ» አለች ልጅቱ ካሜራዋን እያወጣች። «ወይዘሮ አይናዲስን ይጥሩልኝ፣ ጋሽ አብርሃ። ደረጃው ላይ ቁጭ ይበሉና ከቤታቸው ጋር ላንሣቸው።»

አብርሃ ከመሰላሉ ወረደ። ከደረጃው ሥር ያለችው ክፍል ቁልፍ ተንጠልጥሎባታል፤ ቀበሌው ሲሚንቶ አስቀምጦባታል። ጎረቤቶች በየመስኮቱ ብቅ ብለዋል።

«ፎርሙን ይዘሻል?» አላት።

«ይዣለሁ፤ ምነው?»

«እንግዲያው የጎደለ አለ፣ ጻፊ። በረንዳውን የሠራው ገብረትንሣኤ። እትዬ አይናዲስን ያስበላው ልጁ አብርሃ።»

ስማቸውን በአደባባይ፣ በሙሉ ድምፅ ሲጠራ ያን ጊዜ ገና መጀመሪያው ነው። ዓለምጸሃይ አንድ ጊዜ ቁልፉን አየች፣ አንድ ጊዜ መስኮቶቹን፤ ሳቋ ከፊቷ ላይ ጠፋ። እስክሪብቶዋን ከፍታ ብትይዝም ምንም አልጻፈችም።

«ጻፊው እንጂ!» አለ አብርሃ። «ግልባጩንም ለቀበሌው ላኪው።»