የተነቀለው ማጠፊያ

ሪያድ ውስጥ ሃያ አራት ዓመት መኪና ነድቻለሁ። ይህን የምለው ለጉራ ሳይሆን፣ ያን ሰሞን ልጄን ለምን እንደዚያ እንደተናገርኳት እንዲገባችሁ ነው። ወገቤ አልቋል፣ ዓይኔ ደክሟል። ተማሪዎችን ሳመላልስ ውዬ ስገባ የምፈልገው ጋደም ማለት ብቻ ነው። በዚያ ቀን ግን በሩን ስከፍት ልጄ ላፕቶፗን በሁለት እጇ ታቅፋ ቆማ ጠበቀችኝ። በግራ በኩል ማጠፊያው ከነብሎኑ ተነቅሏል፣ ክዳኑ ተሰንጥቋል፤ ስክሪኑም አንዴ ይበራል፣ አንዴ ይጠፋል።

«ምንም አላደረግኩትም፣ አባ። ወላህ እንደ ሁልጊዜው ነው የከፈትኩት» አለችኝ። እዚሁ ተወልዳ ያደገች ናት፤ ዐረብኛው አማርኛዋን ይቀድመዋል፣ አንቱ የሚባለውንም ጨርሶ አታውቀውም። ዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመቷ ነበር። የመመረቂያ ሥራዋን የምታቀርብበት ቀን ተቃርቧል፤ ሌላ ላፕቶፕ መግዛት ደግሞ በእኛ ቤት የሚታሰብ ነገር አይደለም።

በማግስቱ አብረን ወደ አምራቹ ድርጅት ጥገና ክፍል ወሰድነው። ባንኮኒው ጋ የተቀመጠው ልጅ ከፍቶ እንኳ ሳያየው አንድ ወረቀት ሞላና ማኅተም መታበት። «ሱእ ኢስቲኽዳም» ይላል፤ በአያያዝ ጉድለት የመጣ ነው ማለት ነው። የላይኛው ክፍል እንዳለ መቀየር አለበት፣ ከዚያ ይልቅ አዲስ ብትገዙ ይሻላል ብሎ መለሰልን።

መኪና ውስጥ ልጄ ስልኳን ታሳየኝ ጀመር። «አባ፣ እየው፣ ብዙ ሰው ጽፎበታል። የዚህ ሞዴል ሁሉም እዚያው ጋ ነው የሚሰበረው። የስሪት ችግር ነው።» እኔ ደግሞ በዚህ አገር በወረቀት የኖርኩ ሰው ነኝ። ኢቃማዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ወረቀት ነው፤ ዋስ የሆነኝ አሠሪ፣ ከፊሌ፣ ፊት የምቆመው ወረቀት ይዤ ነው። ማኅተም ያለበት ወረቀት አንድ ነገር ካለ፣ አለ ነው። ስልኳን ገፋሁትና «ለዕቃ አታዝኚም፣ ለሰው ድካም አታዝኚም። አንቺን ለማስተማር መልፋቴ ከንቱ ነው» አልኳት።

አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታዬን ትመልሳለች፣ ሌላ ቃል የለም፤ ምሳዋንም ራቷንም ለብቻዋ ትበላለች። እናቷ ዑረይጃ በሚባለው ሰፈር ሰው ቤት ተቀጥራ ስለምትሠራ የምትመጣው አርብ አርብ ነው። መጥታ ሁለታችንን አየችና «ምን ሆናችሁ ነው?» ብላ ጠየቀች፤ ልጄ ሳህኗን ይዛ ተነሣች። እውነቱን ልናገር፣ ላፕቶፑ እንዲሠራ የፈለግኩት ለላፕቶፑ ብዬ አልነበረም። ቤቱ ውስጥ የልጄ ድምፅ ጠፍቶብኝ ነው።

አንድ የመንፉሐ ሰፈር ሰው ዲራ ገበያ ውስጥ፣ ከሰዓት ሻጮቹ ጀርባ ባለው ቅያስ፣ የሚጠግን ሐበሻ አለ አለኝ። ከዙህር ሶላት በኋላ ተማሪዎቹ እስኪለቀቁ ባለኝ ጊዜ ብቻዬን ሄድኩ። ጎጃም ጎጃም የሚል አነጋገር ያለው፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። የሴት ልጄ ነው ብዬ ሰጠሁት፤ ክዳኑን አገላብጦ አየና ከጠረጴዛው ሥር ካርቶን ስቦ አወጣ። ውስጡ የዚያው ሞዴል ክዳኖች ናቸው፤ ሁሉም በግራ በኩል የተነቀሉ።

«ጋሼ፣ በሽታው ይሄ ነው» አለኝ። «ማጠፊያውን አጥብቀው ሠሩት፣ ብሎኑ የሚይዝበትን ፕላስቲክ ግን አሳሱት። የያዘችው ልጅ ጥፋት የለባትም።»

ደስ አለኝ፣ አፈርኩም። ልጄ ልክ ነበረች። ቁጭ ብዬ ምን ብዬ እንደምነግራት ሳስብ፣ ሰውየው ስክሪኑን ወደ መብራቱ ጠጋ አድርጎ አየው። መሃሉ ላይ ደብዘዝ ያለ፣ አራት ማዕዘን የሆነ ምልክት ነበረ።

«ሲዘጋ መሃሉ የሚገባ ነገር አለ እንዴ?»

«አቧራ እንዳይገባበት ጨርቅ አደርግበታለሁ።»

«ምን ዓይነት ጨርቅ?»

«ከአሮጌ ጋቢዬ የቆረጥኩት ነው። አራት እጥፍ።»

መፍቻውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጎህ ሲቀድ ሰግጄ ለሥራ ስወጣ ልጄን ሁልጊዜ ላፕቶፑ አጠገቧ እንደተከፈተ ተኝታ አገኛታለሁ። ብርድ ልብሷን አለብሳታለሁ። ከዚያ ያቺን የጋቢ ቁራጭ ፊደሎቹ ላይ አነጥፍና ክዳኑን እዘጋለሁ። የሪያድ አቧራ በተዘጋ መስኮት የሚገባ ስለሆነ፣ ብልህ አባት ነኝ ብዬ በራሴ እኮራ ነበር። አልዘጋ ሲለኝ በመዳፌ ጫን አደርገዋለሁ። አንድ ዓመት ከመንፈቅ ጫንኩት።

«ሲጫኑት ጉልበቱ የሚያርፈው ማጠፊያው ላይ ነው» አለኝ ሰውየው። «ሲሠራ ጀምሮ ደካማ ነበር። ጨርቁ ደግሞ ጨረሰው።» የተናገረው በለዘበ ድምፅ ነው። ቢቆጣኝ ይቀለኝ ነበር።

ቁጭ ብዬ ሲሠራ አየሁት። የተፈረካከሰውን ፕላስቲክ ጠርጎ፣ ብሎን የሚይዙትን ትንንሽ ነሐሶች ቦታቸው መለሰ። ዙሪያውን የዳቦ ሶዳ ነሰነሰና ሱፐር ግሉ ሙጫ አንጠባጠበበት፤ ወዲያው ደረቀ። ደግሞ ነሰነሰ፣ ደግሞ አንጠባጠበ። ያንንም አላመነውም፤ ክዳኑን በስቶ ሁለት ብሎን ከውጭ አሳለፈበት። በመጨረሻ የጠበቀውን ማጠፊያ ራሱን ትንሽ አላላው። «መልኩን አልመልስልዎትም፣ ሥራውን ግን ኢንሻአላህ ይሠራል። ከመሃል ይክፈቱት፣ ጨርቁንም ይተዉት» ብሎ ሰጠኝ።

ቤት ስገባ ግማሹን ነገርኳት። «ልክ ነበርሽ፣ የስሪቱ ችግር ነው፣ ሰውየው ራሱ ነገረኝ» አልኩ። የጋቢዬን ነገር ዋጥኩት። ከእኔና ከጠጋኙ በቀር የሚያውቅ የለም፣ ምን አስጨነቀኝ ብዬ ራሴን ሸነገልኩ። ልጄ ከፍታ አየችው፣ ስክሪኑ በራ፣ በጣቷ ሁለቱን ብሎኖች ዳሰሰቻቸው። ያን ማታ አብረን በላን። ስለ ፕሮጀክቷ ሳይቀር አወራችልኝ። እኔ ግን ዓይኔን ከሁለቱ ብሎኖች ላይ ማንሣት አቃተኝ።

ጎህ ሲቀድ ተነሥቼ ስሰግድ ቆየሁና ወደ እሷ ሄድኩ። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታለች። ላፕቶፑን በዚያ ቀን ራሷ ዘግታዋለች። የጋቢዬ ቁራጭ አራት ታጥፋ ከላይ፣ ክዳኑ ላይ ተቀምጣለች።



«ታውቂ ነበር?» አልኩ፣ እንዳልተኛች ገብቶኝ።

ሳትዞር መለሰችልኝ። «ከተሰበረ በኋላ ኢንተርኔት ላይ አነበብኩት። መሃሉ ምንም አታድርጉ ይላል።»

«ታዲያ ያን ሁሉ ስናገርሽ ለምን ዝም አልሽ?»

«ስታለብሰኝ ሁልጊዜ እነቃ ነበር፣ አባ። መጀመሪያ እኔን፣ ከዚያ ላፕቶፑን። ከነገርኩህ መምጣት ትተዋለህ ብዬ ነው።»

ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ልጄን ይቅርታ ጠይቄያት አላውቅም፤ አባቴም እኔን ጠይቆኝ አያውቅም። «ይቅር በይኝ፣ ልጄ። እኔ ነኝ የሰበርኩት» አልኳት።

«ኸላስ፣ በቃ፣ አባ። ያላ፣ ተነሣ፣ ተማሪዎቹ ይጠብቁሃል» አለችና ወደ እኔ ዞረች።

ብርድ ልብሷን ሳብ አድርጌ አለበስኳት። ዓይኗን ሳትጨፍን እያየችኝ ነበር።