ለዕርቅ የተንበረከከው ደንበኛዬ

በንግድ ማጭበርበር ለተከሰሱ ሰዎች ጠበቃ ሆኜ ሥራ የጀመርኩት ዲኬተር በምትባል የአሜሪካ ከተማ፣ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ባለ ቢሮ ነው። አለቃዬ ሚስ ካርቨር ቀድሞ አቃቤ ሕግ ነበረች። በመጀመሪያው ቀን ወንበሬን እንኳ ሳታሳየኝ፣ «ዋናው ሥራችን ደንበኛው አፉን እንዲዘጋ ማድረግ ነው» አለችኝ። እኛም «ዝም አይነቅዝም» እንላለን ብዬ ተረጎምኩላት። ወደደችው። የኛ ሰው ተረቱን ያውቀዋል እንጂ እንደማይሠራበት አልነገርኳትም።

ሰው ሥራዬ ፊልም ይመስለዋል። አብዛኛው የባንክ ወረቀት ማንበብ ነው። ደንበኞቼ ከረባት አስረው ይመጡና «እኔ ምን አጠፋሁ?» ይላሉ። አንዳንዶቹ እውነታቸውን ነው።

ተስፋዬ እውነታቸውን ከነበሩት አንዱ ነው። ኤርፖርቱ አጠገብ ባለችው ኮሌጅ ፓርክ ከአቶ ሙሉጌታ ጋር በሽርክና መንገደኛ የሚያመላልስ የኤርፖርት ሸትል ያሠራ ነበር። አቶ ሙሉጌታ በዕድሜ አባቱ ይሆናሉ። ቫን ለመግዛት ከባንክ ሲበደሩ የሁለቱም ፊርማ ተፈለገ። አቶ ሙሉጌታ መንገድ ላይ ስለነበሩ በስልክ፣ «አንተው ፈርምልኝ» አሉት፤ ፈረመላቸው። የኛ ሰው ወንድሜ ላለው ይፈርማል። ባንክ ግን ወንድምነትን አያውቅም።

ድርጅቱ ሲከስር ባንኩ አቶ ሙሉጌታን ጠየቃቸው። ደንግጠው «እኔ አልፈረምኩም» አሉ። ቃሉ እውነት ነው። ተስፋዬ ፊርማ አስመስሎ ባንክ በማጭበርበር ተከሰሰ። ከተፈረደበት እስር ቤት ይገባል፤ ሁለት ትንንሽ ልጆች አሉት።

«ስለዚህ ጉዳይ ከማንም ጋር እንዳታወራ» አልኩት።

«ኦኬ፣ ገብቶኛል» አለኝ።

ብዙም ሳይቆይ ሽማግሌዎች ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ጠሩት፤ ሄደ። ሽማግሌ «ማንም» ውስጥ ይገባል ብሎ አላሰበም። በዕርቅ ወግ ታናሽ ቀድሞ ይቅርታ ይጠይቃል። ማን አጠፋ የሚለው በኋላ ይታያል፤ ብዙ ጊዜም ሳይታይ ይቀራል። ተስፋዬ አቶ ሙሉጌታ ጉልበት ላይ ወድቆ፣ «አጥፍቻለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለ። እሳቸውም አንስተው ሳሙት። አንዱ በስልኩ ቀረጸው።

አቶ ሙሉጌታ ቪዲዮውን ይዘው አቃቤ ሕጉ ዘንድ ሄዱ። «ታርቀናል፤ ፋይሉ ይዘጋ» አሉት። ለተስፋዬ ውለታ የዋሉለት መስሏቸው ነበር። አቃቤ ሕጉ አመስግኖ ተቀበላቸው።

ከዚያ ለእኔ ደወለና «ደንበኛሽ ተንበርክኮ አምኗል» አለኝ። ተናደድኩ፤ ፈራሁም። ተስፋዬን አስጠራሁት።

«ሽማግሌ እኮ ነው የጠራኝ። ቆይ፣ ሎየሬን ላስፈቅድ ልበላቸው?»

«አዎ።»

በጣም ታዘበኝ።

ችሎት ላይ አቃቤ ሕጉ አቶ ሙሉጌታን አስመስክሮ ቪዲዮውን ፍርድ ለሚሰጡት ዜጎች፣ ለጁሪው አሳየ። ያሳየው ግን ተስፋዬ የተንበረከከበትን ብቻ ነው። ተራዬ ሲደርስ እስከ መጨረሻው አስከፈትኩት። አቶ ሙሉጌታም «እኔም አጥፍቻለሁ» ይላሉ። ከዚያ ሽማግሌዎቹ በሙሉ ተነስተው «እኛም አጥፍተናል፣ ይቅር በሉን» ይላሉ።

«እርስዎ ምን አጥፍተው ነው?» አልኳቸው፤ አስተርጓሚው በመካከላችን ቆሟል።

«ምንም። ወጉ ነው።»

«ሽማግሌዎቹስ?»

«እነሱማ ምን ያጠፋሉ?»

ከጁሪው ሁለት ሰዎች ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም።

«ፈርምልኝ ያለውስ ማን ነው?»

ተስፋዬን አዩት። «እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም?»

«ማን ፈረመ ብለው ጠየቁኝ እንጂ ማን አዘዘ አላሉኝም።»

«ልጁ እስር ቤት ሊገባ እኮ ነው፤ ያውቃሉ?»

አለቀሱ። አንጀቴን በሉት፤ ግን መልሱን እስኪሰጡኝ አልተውኳቸውም። «አላወቅኩም፤ ባውቅማ እኔው እታሰርለት ነበር» አሉ። ተስፋዬ ነጻ ወጣ።

በሳምንቱ ዋናው ሽማግሌ ደውለው ወደዚያው የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ጠሩኝ። ስደርስ አቶ ሙሉጌታ ተቀምጠዋል።

«ትልቅ ሰው በአደባባይ አስለቅሰሻል፣ ልጄ» አሉኝ ሽማግሌው።

«ሥራዬን ነው የሠራሁት።»

«ልክ ነሽ። ግን ታናሽ ነሽ።»

በሩ ላይ የሁሉንም ስልክ በካርቶን ሰብስቦ የቆመው ተስፋዬ ነበር። የእኔንም ተቀበለኝ። ተንበረከክሁና «አጥፍቻለሁ» አልኩ።

ለአዲስ ደንበኛ የምሰጠው ምክር ይህ ነው፦ ከማንም ጋር አታውራ፤ ሽማግሌም «ማንም» ውስጥ ይገባል። ዕርቅ ከፍርድ በኋላም ይደርሳል።